«ፍሪሲዮኑ አልቋል» ከማለታችሁ በፊት

በዚህች ከተማ ይግባኝ የማይባልባቸው ሦስት ፍርዶች አሉ። «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እና «ፍሪሲዮኑ አልቋል»። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተቀልዷል። ሦስተኛው ግን ከሁለቱ ይልቅ ኪስ እየጎዳ ማንም ሳይነካው ኖሯል። ዛሬ እኛ እንነካዋለን።

ፍርዱ የሚሰጥበትን ሥነ ሥርዓት አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ባለመኪናው ጋራዥ ይገባና «ማርሽ አልገባ እያለ አስቸገረኝ» ይላል። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይመጣል። በበሩ ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን አንዴ በእጁ ይጫናል፤ አንዳንዴም ይህንኑ አይጫንም። ራሱን ይነቀንቃል። «ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ካምቢዮ መውረድ አለበት።» ባለመኪናው «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «በምን አወቅህ?» አይልም። እኛ የምንሟገተው ለዚህች ላልተጠየቀች ጥያቄ ነው።

አቋማችንን ከጅምሩ እናስቀምጥ። ሳይፈተሽ ካምቢዮ መውረድ የለበትም። ፍተሻው ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ኮምፒውተርም ልዩ መሣሪያም አይፈልግም። ይህ ፍተሻ የሚዘለለው መካኒኮቻችን ስለማይችሉት አይደለም። እኛ ባለመኪናዎች ለእጅ እንጂ ለጭንቅላት መክፈል ስላልለመድን ነው።

ለምን አሁን?

«ዓለም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየሄደ እናንተ ስለ ፍሪሲዮን ታወራላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። በደንብ እናወራለን እንጂ! በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስመጣት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። የታክሱና የእገዳው ልክ መሆን አለመሆን የሌላ ቀን ክርክር ነው። ለዛሬው የሚበቃን ውጤቱ ነው፤ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና የትም አይሄድም። ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ለማይችለው ሰው ዲኤክሷም ቮልሷም ላዳዋም ገና ብዙ ዓመት ይጠበቅባቸዋል።

ላዳን እንውሰድ። ሥሯ የጣልያኑ ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ማምረት ጀመሩ፤ ከዚያ ቤተሰብ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፋብሪካ ወጣች። እንግዲህ ሠሪዋ የተዋት መኪና ናት። እዚህ ግን የሰው እንጀራ ናት። የታክሲ ባለቤት መኪናው ሦስት ቀን ጋራዥ ስትቆም የሚያጣው የጥገናውን ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሦስት ቀን ገቢም ነው። እናም «አልቋል» የምትለው ቃል በግምት ስትነገር የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ እየተቀለደ ነው።

ከፔዳሉ ወዲያ

ፍሪሲዮን የሚለውን ቃል ከጣልያንኛ ወርሰነዋል፤ መፋተግ ማለት ነው። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ፣ ፖምፓ፣ ሁሉም የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። ጣልያን ሄዶ ቃሉ ጋራዥ ቀረ። የቃሉን ሥራ ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳንም። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ «ሲረገጥ ይለያል፣ ሲለቀቅ ይገናኛል» ተባልን፤ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር እስካልጠፋ ድረስ ይዞራል፤ ጎማ ግን መቆም ይፈልጋል። ሁለቱን አንዴ የሚያገናኝ አንዴ የሚለያይ ነገር መሀላቸው ያስፈልጋል። በሞተሩ በኩል ቮላኖ የሚሉት ከባድ ክብ ብረት አለ። በካምቢዮው በኩል ሁለት ፊቱ የተሸረበ ወይም የተጋገረ ልባስ ያለው ዲስክ አለ፤ ሸራ የምንለው እሱን ነው። ከሸራው ኋላ ደግሞ በጠንካራ ሞላ እየተገፋ ሸራውን ከቮላኖው ጋር የሚያጣብቅ ሳህን አለ፤ ፕሬሸር ፕሌት ይሉታል። ፔዳሉን ስንረግጥ ትእዛዙ በካቦ ወይም በፍሬን ዘይት ተጉዞ አንዲት ሹካ ይገፋል። ሹካዋ ኩሽኔታውን ትገፋለች፤ ኩሽኔታው ሞላውን ይጫናል፤ ሳህኑ ሸራውን ይለቃል። እግራችንን ስናነሳ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህን ሰንሰለት ያስተዋለ ሰው ትልቁን ነገር አገኘ። ሸራው ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ብቻ ነው። ከፔዳሉ እስከ ሹካው ጫፍ ያለው ሁሉ ካምቢዮ ሳይወርድ ይታያል፤ አብዛኛውም ሳይወርድ ይጠገናል። ታዲያ ውጭ ያለውን ሳያዩ ውስጥ መግባት ምን ይሉታል?

መኪናው ራሱ ይናገራል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። አሮጌ መኪና ግን በሽታውን አይደብቅም። የሚጠይቀው ነው የጠፋው። የፍሪሲዮን ሕመም አራት ዋና ዋና ምልክቶች አሉት፤ እየለያየን እንያቸው።

የመጀመሪያው ማንሸራተት ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይከተልም። ዳገት ላይና በከፍተኛ ማርሽ ይብሳል፤ የተቃጠለ ነገር ሽታም አለው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሜዳ ላይ፣ ከፊትና ከኋላ ሰው በሌለበት፣ ለጎማዎቹ ድንጋይ አድርጎ የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ መያዝ። ሞተሩን አስነስቶ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማርሽ ማስገባት፤ ትንሽ ነዳጅ እየሰጡ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ መልቀቅ። ጤነኛ ፍሪሲዮን ሞተሩን ያጠፋዋል። እግራችን ከፔዳሉ ላይ ጨርሶ ተነስቶ ሞተሩ እየሠራ ከቀጠለ ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ወዲያው ማጥፋት ነው፤ ይህን ፍተሻ ደጋግሞ መሥራት የቀረውን ሸራ መጨረስ ነው።

መንሸራተቱ ቢረጋገጥም «አልቋል» ለማለት ገና ነው። አንድ ቀሪ ጥያቄ አለ፤ ፔዳሉ ነፃ ጉዞ አለው? በእጅ ሲጫኑት መጀመሪያ ላይ ያለ ግትርነት ወደ ውስጥ የሚሄድባት ትንሽ ርቀት ማለታችን ነው። በላዳ ይህች ርቀት ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር፣ በቮልስ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ናት። ነፃ ጉዞ ከሌለ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ሞላውን እየተጫነ ነው፤ ማለትም ሹፌሩ ሳያውቅ ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተረገጠ ይሄዳል። ሸራው ሳያልቅም ያንሸራትታል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከሥር ገብቶ ማስተካከል ነው፤ ቮልስ ላይ ካቦው ጫፍ ያለውን በጣት የሚዞር ዳዶ፣ ላዳ ላይ የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ። ተስተካክሎም ካንሸራተተ ያን ጊዜ ሸራው አልቋል ወይም ዘይት ጠጥቷል። ፍርድም በማስረጃ ይሆናል።

ሁለተኛው አለመልቀቅ ነው፤ «ማርሽ አልገባ አለኝ» የሚባለው። እዚህ ላይ ነው ብዙ የዋህ የሚበላው። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍቶ ማርሾቹን ሁሉ መሞከር። ሞተሩ ጠፍቶ እየገቡ፣ ሲነሳ አንገባም ካሉ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው ከካምቢዮው አይደለም። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስቶ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ፣ እስከ አስር ቆጥሮ የኋላ ማርሽ ማስገባት። እየተንቋቋ ከገባ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ልብ በሉ፤ አለመልቀቅ የማለቅ ተቃራኒ ነው። ያለቀ ሸራ አልይዝም ይላል፤ ይሄ ደግሞ አልለቅም እያለ ነው። አልለቅም ያለን ፍሪሲዮን «ሸራው ስላለቀ ነው» ብሎ ማውረድ፣ እንቅልፍ ያስቸገረውን ሰው መነጽር እንደማዘዝ ነው።

አለመልቀቅ ሲገጥም ዓይን መሄድ ያለበት ወደ ፔዳሉና ወደ ፖምፓዎቹ ነው። አንደኛ፣ ፔዳሉ እስከ ታች ይሄዳል? አንዳንዴ ጥፋተኛው ባለመኪናው በፍቅር ደራርቦ ያነጠፈው ወፍራም ምንጣፍ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ኮፈኑን ከፍቶ የፍሪሲዮኑን ዘይት ማስቀመጫ ማየት። ጎድሎ ከሆነ የሆነ ቦታ ፈስሷል። ላይኛው ፖምፓ ከሆነ ከፔዳሉ በላይ ባለው ዘንግ በኩል ወርዶ እግር ሥር ያረጥባል። ታችኛው ከሆነ ካምቢዮው አጠገብ ያለው የጎማ ሽፋኑ ሲገለጥ ዘይት ያነባል። ሦስተኛ፣ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ሦስት አራት ጊዜ ሲረግጡት ማርሹ ከገባ መስመሩ ውስጥ አየር አለ ወይም የፖምፓው ጎሚኒ ደክሟል። አራተኛ፣ አንድ ሰው ፔዳሉን እየረገጠ ሌላው የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ ማየት። ዘንጉ እየወጣ እየገባ ሹካዋን በደንብ ከገፋ ጥፋቱ ውስጥ ነው። በቅጡ ካልተንቀሳቀሰ ጥፋቱ ውጭ ነው፤ ካምቢዮውን ማንም እንዳይነካው!

ካቦ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ካቦው ተስቦ፣ ጥቂት ክሮቹ ተበጥሰው ወይም ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ፔዳሉ ከወትሮው ከከበደ እሱን መጠርጠር ነው። ሲበጠስ ፔዳሉ በአንዴ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ሳይበጠስ መቀየር ነው የሚበጀው።

አንድ የምናውቀው የላዳ ታክሲ ሹፌር በዚሁ ጥፋት ስሙን ልንጠቅሰው የማንሻው ጋራዥ ገባ። ካምቢዮ ወረደ፣ ሸራ ተቀየረ፣ ገንዘብ ተከፈለ። በሳምንቱ ማርሹ እንደገና አልገባ አለ። ሌላ መካኒክ አየው። የታችኛው ፖምፓ ጎሚኒ ነበር የሚያፈሰው፤ ዋጋዋ ከምሳ የማትበልጥ የጎማ ቀለበት። አዲሱን ሸራ ሲገጥሙ ዘይት ስለሞሉ ለጥቂት ቀን ደህና መስሎ ነበር። አሮጌውን ሸራውን ጠይቆ ቢያየው ገና ብዙ ይሄድ ነበር። አልጠየቀም፤ አላሳዩትምም።

ዘይት ነገር ከተነሳ አንድ ቃል እንጨምር። እዚያ ውስጥ የሚገባው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። «ለጊዜው» ተብሎ የሞተር ዘይት ከተጨመረ ጎሚኒዎቹ አብጠው ይበላሻሉ። ውሃ ከገባ ብረቱ ይዝጋል። የፍሬን ዘይት ራሱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ዓመት ሙሉ ክፍት የቆየ ጣሳ አይታመንም። ቀለምም ይልጣል፤ ቦዲው ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ መታጠብ አለበት።

ሦስተኛው ምልክት ድምፅ ነው። ዜሮ ማርሽ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮ መስጠት። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምርና ሲለቀቅ የሚጠፋ ፉጨት ወይም ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ተገላቢጦሹ፣ ማለትም እግር ሲነሳ የሚሰማና ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ፣ ብዙውን ጊዜ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በዋጋም በባለሙያም ይለያያሉ፤ የሚለያያቸው ግን የሁለት ደቂቃ ማዳመጥ ነው።

አራተኛው መንቀጥቀጥ ነው። መኪናው ሲነሳ እንደ ብርድ ሕመምተኛ ይርገፈገፋል። ሸራው ላይ ዘይት ነክቶ፣ ወይም ቮላኖው በሙቀት ጠቋቁሮ ፊቱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከዚያ በፊት የሞተሩና የካምቢዮው መቀመጫ ጎማዎች ይታዩ። የተበጠሰ መቀመጫ ሞተሩን ስለሚያወዛውዘው ልክ እንደ ፍሪሲዮን ሕመም ያስመስላል።

«ለማየት ብቻ ብር?»

ይህ ሁሉ እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን አይደረግም? መልሱን ለማግኘት መካኒክ መስደብ አይበቃም። ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ልምድ ያለው መካኒክ ሩብ ሰዓት ፈትሾ «ጎሚኒ ነው» ቢል የምንከፍለው ስንት ነው? ብዙዎቻችን የጎሚኒዋን ዋጋና «ለሻይ» የሚሆን ነገር ጣል አድርገን እንሄዳለን። ሌላው መካኒክ ደግሞ ሳይፈትሽ ካምቢዮ ቢያወርድ የቀን ሙሉ የእጅ ዋጋ እንከፍለዋለን፤ «ደክሟል» እያልን። ፊቱ ጥቁር በዘይት ካልሆነ የሠራ አይመስለንም። «ለማየት ብቻ ብር?» የምትለዋ ቃላችን ጋራዦቻችንን እንደዚህ አድርጋ አሳድጋቸዋለች። የሚያውቀውን ቀጥተን የሚያወርደውን ሸለምን።

ሐኪም ጋ ስንሄድ ለካርድ እንከፍላለን። ላቦራቶሪ እንከፍላለን። ሐኪሙ «ምንም የለብህም» ቢለን እንኳ እግዚአብሔር ይመስገን ብለን እንወጣለን እንጂ ገንዘቤን መልስ አንልም። ለመኪናም የምርመራ ዋጋ ይኑር። መካኒኩ ፈትሾ፣ ያገኘውን አሳይቶ፣ ለዚያ ብቻ ይከፈለው። ከዚያ ሥራው እሱ ዘንድም ይሁን ሌላ ጋ የባለመኪናው ምርጫ ነው። ለምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ መካኒኩን ከፈተና ያወጣዋል፤ ለማወቁ ከተከፈለው ካምቢዮውን ለማውረድ አይቸኩልም።

መካኒኮቹም የራሳቸው ክርክር አላቸው፤ እሱም ይሰማ። «ባለመኪናው ዛሬ ውሰድልኝ እያለ ይጨቀጭቃል። ሦስት ነገር ቀይር ስለው አንዱን ብቻ ገዝቶ ይመጣል። ከገበያ ያመጣው ዕቃ ፎርጅድ ይሆንና ስሙን እኔ እሸከማለሁ።» እውነት ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ የሚወጣ ዕቃ በካርቶኑ ስም እንደማይታመን ሁላችንም እናውቃለን። የፋብሪካ መጽሐፍ የለም፤ ሙያው የሚተላለፈው ከአለቃ ወደ ረዳት በዓይን ነው። በዚህ ሁኔታ ላዳን እዚህ ድረስ ያደረሱ እጆች ክብር ይገባቸዋል። እኛም የምንለው ይኼንኑ ነው፤ ክብሩ በቃል አይቅር፣ ለዕውቀታቸው ይከፈል።

መውረዱ ካልቀረ

ተፈትሾ ሸራው በእርግጥ አልቆ ከተገኘ ካምቢዮው ይውረድ። ግን አንዴ ይውረድ። አብዛኛው ድካም ማውረዱና መስቀሉ ነው። ሸራውን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ኩሽኔታ መመለስ በወር ውስጥ ተመልሶ መምጣት ነው። አቅም እስካለ ድረስ ሸራ፣ ፕሬሸር ፕሌትና ኩሽኔታ አንድ ላይ ይቀየሩ። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ቢያንስ ሸራውና ኩሽኔታው ይቀየሩ፣ የሳህኑ ፊትና የሞላው ጣቶች በዓይን ይታዩ።

የወረደው ሸራ ዘይት ካለበት አዲስ ሸራ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ዘይቱ የመጣው ከሞተሩ የኋላ ማኅተም ነው ወይስ ከካምቢዮው የፊት ማኅተም? ምንጩ ሳይደፈን የሚገባ ሸራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተፈረደበት ነው። የቮላኖው ፊት ተሰንጥቆ ወይም በሙቀት ሰማያዊ ነጥብ አውጥቶ ከሆነም ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከል፤ የተሰነጠቀው ጥልቅ ከሆነ ይቀየር። ሸራው ሲገባ መሀሉን መጠበቅ አለበት፤ ካልሆነ ካምቢዮው አልሰቀል ብሎ መታገል ይመጣል፤ በመታገል መሀል ደግሞ አዲሱ ሸራ ይጎብጣል። አዲሱ ሸራ በቅባት እጅ አይነካ። አሮጌው ዕቃ ደግሞ ለባለመኪናው ይሰጠው፤ ይህ የእምነት ማጣት ምልክት ሳይሆን ደረሰኝ ነው።

አሁን ከገንዘብ ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። ካምቢዮው ሲወርድ ከውስጥ ጥቁር አቧራ ይወጣል። የተለመደው ይህን አቧራ በኮምፕሬሰር መንፋት ነው፤ የሚነፋው ደግሞ በአብዛኛው ከሁሉ ትንሹ ረዳት ነው። የአሮጌ መኪኖች የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ ለብዙ ዓመታት የተሠራው አስቤስቶስ እየተጨመረበት ነበር። አስቤስቶስ በሳንባ ውስጥ ተቀብሮ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ክር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከልክሎታል። ምንጩ ያልታወቀ ርካሽ ሸራ ግን ምን እንደያዘ ካርቶኑ አይነግረንም። ስለዚህ አቧራው አይነፋ። በውሃ ይረጠብ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ጨርቁም ይጣል። ይህን ለማድረግ አዋጅም በጀትም አያስፈልግም፤ አንድ ጆግ ውሃ ይበቃል።

ሌላው ክሪክ ነው። ክሪክ መኪና ማንሻ እንጂ መኪና መያዣ አይደለም። በክሪክና በድንጋይ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ሰው ተኝቶ ካምቢዮ ደረቱ ላይ ሲያሳርፍ ያየ ሁሉ ዝም ብሎ ያልፋል። የብረት ካቫሌቶ የሌለው ጋራዥ ውስጥ ካምቢዮ አይውረድ። ባለመኪናውም «ካቫሌቶ አላችሁ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ከሥር የሚገባው የሰው ልጅ ነው፤ ሥራው ደግሞ የእኛ ነው።

እግራችንስ?

መካኒኩን ይህን ያህል ካልን የራሳችንን እግር መተው አድሎ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። አሮጌዋ መኪና እዚህ ስትሠራ ከአንድ አምስተኛ የሚበልጥ ጉልበቷን አየሩ ወስዶባታል። ከዚያ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ አምስት ሰው ጭነን እናስነሳታለን። ጉልበቷ ሲያጥር ሹፌሩ ነዳጅ ይጨምርና ፔዳሉን በከፊል ይዞ ያስነሳታል። ልዩነቱን የሚከፍለው ሸራው ነው።

መንጃ ፈቃድ ስንማር ዳገት ላይ «ባላንስ» የሚባል ጥበብ ተምረናል፤ በፍሪሲዮንና በነዳጅ መኪናውን እንደ ሚዛን አንጠልጥሎ ማቆም። ለሦስት ሰከንድ፣ ለመነሳት ሲሆን ጥበብ ነው። ትራፊክ መብራት እስኪለቅ ድረስ ሲሆን ግን ሸራ መጥበስ ነው። ለመቆም የእጅ ፍሬን አለ። መብራት ሲይዝ ዜሮ ማርሽ አድርጎ እግር ማንሳት ኩሽኔታውን ያሳርፋል። እየነዱ ግራ እግርን ፔዳሉ ላይ ማሳረፍም መጥፎ ልማድ ነው፤ እግራችን ዐረፈ እንጂ ኩሽኔታው አላረፈም። በሁለተኛ ማርሽ መነሳት፣ ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ መንሸራተትም እንዲሁ። የኋለኛው ከሸራም በላይ አደገኛ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ መኪናውን የሚይዘው በዝቅተኛ ማርሽ የተያያዘ ሞተር ነው። ፍሪሲዮን የረገጠ ሹፌር ያን ሁሉ ክብደት ለፍሬኑ ብቻ አሸክሞታል።

የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች ኮን ሳያስነኩ ወደ ኋላ መግባትን ያስጠናሉ። በዚያው ላይ የሩብ ሰዓት ትምህርት ቢጨምሩ፣ ተማሪው ሞተሩን አጥፍቶ ማርሽ ቢሞክር፣ ነፃ ጉዞ ምን እንደሆነ በእጁ ቢዳስስ፣ ዘይቱን ማስቀመጫ ከፍቶ ቢያይ፣ ከተማችን የምታተርፈው ሸራ ብዙ ነበር። ጋራዥ የሚገባውም ሹፌር በባዶ እጁ አይገባም ነበር።

እስከዚያው ድረስ ግን በሚቀጥለው ጊዜ አንድ መካኒክ ራሱን ነቅንቆ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ሲል፣ ሳንቆጣና ሳንሳለቅ አንዲት ጥያቄ እንጠይቅ። «ወንድሜ፣ በምን አወቅህ? እስቲ አሳየኝ።» ካሳየን ለማሳየቱ እንክፈለው። ካላሳየን ቁልፋችንን እንቀበል፤ ማርሽ ባይገባ እንኳ ተገፍቶ ይወጣል።